ቢራን በቤት ስለ መጥመቅና ስለ መመዘን

ባለጠላዋ፦ ጠላ የሚጠመቀው ብቅሉ በቅሎ፣ ጌሾው ተወቅጦ፣ ቂጣው ተጋግሮ ነው። የቢራ ኪት የሚባለው ግን በካርቶን ታሽጎ ይመጣል። ውስጡ ምን ምን አለ?

ባለቢራው፦ ኪት ማለት ለአንድ ጊዜ ጠመቃ የሚበቃ ብቅል፣ በጌሾ ፋንታ የሚገባው ሆፕና እርሾ ከአሠራር ወረቀት ጋር ተመጥኖ የሚሸጥበት ጥቅል ነው፣ እትዬ። ሦስት ዓይነት አለው። ቀላሉ ሆፕ የገባበት የብቅል ሽሮፕ በቆርቆሮ የታሸገበት ነው፤ የአውስትራሊያው ኩፐርስ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሽሮፑ በሙቅ ውሃ ይሟሟል፣ ስኳር ወይም ተጨማሪ የብቅል ዱቄት ይገባበታል፣ እስከ 23 ሊትር ድረስ ቀዝቃዛ ውሃ ይሞላበታል፣ እርሾ ይነሰነስበታል። መቀቀል አያስፈልገውም። ሁለተኛው በአሜሪካ ሱቆች የተለመደው ነው። ሽሮፑ ሆፕ የለበትም፤ ሆፑ ለብቻው በትንንሽ ከረጢት ይመጣል፤ ለቀለምና ለጣዕም የሚዘፈዘፍ ግማሽ ኪሎ ያህል የተከካ ብቅልም ይኖረዋል። ልኩ ብዙውን ጊዜ 5 ጋሎን፣ ማለትም 19 ሊትር ገደማ ነው። ሦስተኛው የተከካ ብቅል ብቻ ሲሆን ጠማቂው ራሱ በ65 እና በ68 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል አንድ ሰዓት ያህል ዘፍዝፎ ስኳሩን ያወጣል።

ባለጠላዋ፦ ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?

ባለቢራው፦ መካከለኛው። የቆርቆሮው ኪት ጠማቂውን ከሥራው ያርቀዋል፤ ቢራው ቢበላሽ የት ላይ እንደተበላሸ መርምሮ ለመድረስ የሚያስችል ነገር በእጁ የለም። ሦስተኛው ደግሞ ሰፋ ያለ ዕቃ ይፈልጋል፣ ቀኑንም ይበላል። በመካከለኛው መቀቀሉ፣ የሆፑ ሰዓትና የእርሾው ሙቀት የጠማቂው ነው፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የመለወጡን ሥራ ብቻ ፋብሪካው ጨርሶለታል። ሽሮፑ የገብስ ብቅል የተዘፈዘፈበት ውሃ ተጠልሎና ተንኖ የወፈረ ነው እንጂ ባዕድ ነገር አይደለም። ሲገዛ ግን የተመረተበት ቀን ይታይ። መደርደሪያ ላይ የሰነበተ ሽሮፕ ይጠቁራል፤ ከእሱ የሚወጣው ቢራ ወርቃማ መሆን ሲገባው ቡናማ ይሆናል፣ ጣዕሙም ያረጀ ይመስላል። ብዙ ሰው «የኪት ጣዕም» የሚለው እክል ብዙውን ጊዜ የሽሮፑ እርጅና ነው።

ባለጠላዋ፦ በአሜሪካ ይህን በቤት መሥራት ሕጉ ይፈቅዳል?

ባለቢራው፦ ይፈቅዳል፤ ፈቃዱ ግን ያን ያህል የቆየ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1920 አልኮል በመላው አገሪቱ ታገደ። በእገዳው ዘመን እንደ አንሃይዘር ቡሽ ያሉ ትልልቅ ፋብሪካዎች የብቅል ሽሮፕ ይሸጡ ነበር፤ ከዚያ ሽሮፕ ብዙ ቢራ በየቤቱ ተጠምቋል። በ1933 እገዳው ሲነሳ በቤት ወይን መሥራት ተፈቀደ፣ ቢራ ግን ሳይጠቀስ ቀረ። የተስተካከለው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው። በዚያ ሕግ አንድ አዋቂ የሚኖርበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ያሉበት ቤት 200 ጋሎን ከቀረጥ ነፃ መጥመቅ ይችላል፤ መሸጥ ግን አይቻልም። ክፍለ ግዛቶቹ በየራሳቸው ሕግ ተከተሉ፤ የመጨረሻዎቹ አላባማና ሚሲሲፒ የፈቀዱት በ2013 ነው። እንግሊዝ ቀድማ በ1963 የፈቃድ ግዴታውን አንስታ ነበር። ከዚህ የቤት ሥራ ትልቅ ፋብሪካም ወጥቷል። የሲየራ ኔቫዳ መሥራች ኬን ግሮስማን ቢራ ማምረት ከመጀመሩ በፊት በካሊፎርኒያ ቺኮ ከተማ የቤት ጠማቂዎች ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነበረው።

ባለጠላዋ፦ እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ለጠላ መጀመሪያ የሚታሰበው ዕቃው ነው፤ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል።

ባለቢራው፦ ለቢራም መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው፤ ዓላማው ግን ይለያል። ጠላ ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከዕቃው በሚመጣ የተቀላቀለ እርሾና ባክቴሪያ ነው የሚብላላው፤ ቀለል ያለ ኮምጣጣነቱ የጠባዩ ክፍል ነው። የኪቱ ቢራ የተቀመረው በከረጢቱ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት እርሾ ብቻውን እንዲሠራ ተደርጎ ነው። ከአየር፣ ከእጅ ወይም ከባልዲው ጭረት የሚገባ ሌላ ተሕዋስ ሁሉ እንግዳ ነው። ስለዚህ ሁለት ሥራ አለ። አንደኛው እድፉን ማጠብ ነው፤ ሁለተኛው የታጠበውን ሳኒታይዘር በሚባለው ተሕዋስ ገዳይ ፈሳሽ ማርጠብ ነው። ያልታጠበ ዕቃ ላይ ሳኒታይዘር ማፍሰስ ዋጋ የለውም፤ እድፉ ባክቴሪያውን ይከልልለታል። ከፈላ በኋላ ቢራውን የሚነካ ማንኛውም ዕቃ፣ ማማሰያው፣ ቴርሞሜትሩ፣ የእርሾው ከረጢት የሚቀደድበት መቀስ ሳይቀር በዚህ ያልፋል። ከመፍላቱ በፊት የሚነካው ዕቃ ግን ንጹሕ መሆኑ ይበቃዋል።

ባለጠላዋ፦ ውሃውስ? የቧንቧ ውሃ ይሆናል?

ባለቢራው፦ ይሆናል፣ ክሎሪኑ ከወጣለት። ክሎሪን ከብቅሉና ከእርሾው ከሚወጣ ፌኖል ጋር ሲገናኝ የቁስል ፕላስተር የሚሸት ውሁድ ይሠራል፤ በጣም ጥቂቱ እንኳ ባልዲ ሙሉ ቢራ ያበላሻል። ተራ ክሎሪን ሲፈላ ይተናል። ለምሳሌ የዋሽንግተን ዲሲ ውሃ ግን አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ እሱ በማፍላት በቀላሉ አይለቅም። መፍትሔው ካምፕደን የሚባለው ርካሽ ክኒን ነው፤ ሩቡ ተፈጭቶ በ19 ሊትር ውሃ ሲማሰል በደቂቃዎች ውስጥ ሥራውን ይጨርሳል። በበረኪና ታጥቦ በደንብ ያልተለቀለቀ ባልዲም ያንኑ የፕላስተር ሽታ ያመጣል።

ባለጠላዋ፦ አቀቃቀሉንስ ንገረኝ።

ባለቢራው፦ የተከካው ብቅል በጨርቅ ከረጢት ሆኖ በ65 እና በ70 ዲግሪ መካከል ባለ ውሃ ውስጥ እስከ ግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ አይቀቀልም። ከተቀቀለ ከገለባው ታኒን ይወጣና ምላስ ያደርቃል። ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ውሃው ይፈላል፤ ከዚያ እሳቱ ጠፍቶ ሽሮፑ ይገባል። እሳቱ ሳይጠፋ ከገባ ሽሮፑ ታች ወርዶ ያርራል፤ ያ የማረር ጣዕም በኋላ በምንም አይለቅም። ሽሮፑ ሙሉ በሙሉ ሲሟሟ ድስቱ ወደ እሳቱ ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አረፋው ስለሚገነፍል ከድስቱ አጠገብ አይታጣም፣ ክዳንም አይደረግም።

ባለጠላዋ፦ ጌሾ ምሬቱን የሚሰጠው ሳይፈላ፣ ቀናት ቆይቶ ነው። ሆፕ ለምን ይፈላል?

ባለቢራው፦ በሆፕ ውስጥ ያለው አልፋ አሲድ እንዳለ ቢገባ በቢራው ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ሲፈላ ቅርጹ ይለወጥና መራራና የሚሟሟ ይሆናል፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል። መዓዛውን የያዘው ዘይት ግን ሲፈላ ይተናል። በወረቀቱ ላይ ያለው የደቂቃ ቁጥር ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። 60 ደቂቃ የሚፈላው ሆፕ ምሬት ይሰጣል፣ መዓዛው ጠፍቷል። መጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ላይ የገባው ጣዕም ይሰጣል። እሳቱ ሊጠፋ ሲል የገባው መዓዛ ነው፣ ምሬቱ ጥቂት ነው። አሜሪካን ፔል ኤል በሚባለው ዓይነት ኪት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሆፕ ካስኬድ ነው፤ በ1972 ለገበሬዎች የተሰጠ የአሜሪካ ዝርያ ሲሆን ግሬፕፍሩት የሚባለውን ፍሬ የመሰለ ሽታ አለው። ሲበቃው ድስቱ በበረዶ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ወይም የመዳብ ጥቅል ቧንቧ ገብቶበት እስከ 20 ዲግሪ ድረስ በፍጥነት ይቀዘቅዛል። ከዚያ ወደ ባልዲው ይገለበጣል፣ እስኪያረፋ ይናጣል፣ እርሾው ይገባል።

ባለጠላዋ፦ ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ብቻ ነው?

ባለቢራው፦ የቢራው መልካምነትና ክፋት በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ጊዜ ነው፣ እትዬ። የአሠራር ወረቀቱ ስለ ድስቱ ገጽ ሙሉ ይጽፍና ስለ መብላላቱ ሙቀት አንድ መስመር ይጽፋል፤ መሆን የነበረበት ተገላቢጦሹ ነው። የአሜሪካ ኤል እርሾ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ሙቀት ንጹሕ ቢራ ይሰጣል። ይህ ግን የክፍሉ ሙቀት አይደለም፣ የቢራው ነው። እርሾው ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ክፍሉ 22 ሆኖ የባልዲው ውስጥ 26 ሊገባ ይችላል። በዚያ ሙቀት ውስጥ እርሾው ከባድ አልኮሎችን ያበዛል፤ ቢራው አሴቶን አሴቶን ይላል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ በማግስቱ ራስ ያማል ብለው የሚያማርሩ ሰዎችም ይበዛሉ። መከላከያው ውድ ማሽን አይደለም። ባልዲው በሰፊ ሳፋ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፣ እርጥብ ቲሸርት ይለብሳል፤ ከጨርቁ የሚተነው ውሃ ሦስት አራት ዲግሪ ያወርዳል። ቁጥጥሩ የሚያስፈልገው ከሁሉ በላይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ቢል እንዲያውም ይጠቅማል።

ባለጠላዋ፦ ማብቃቱ በምን ይታወቃል? ጠላ በጆሮ ይሰማል፤ ጋኑ ጸጥ ሲል ደርሷል ይባላል።

ባለቢራው፦ በባልዲው ክዳን ላይ ያለችው ውሃ ያዘለች የጋዝ ማስወጫም ትንቦቀቦቃለች፣ ግን አትታመንም። ክዳኑ በሌላ በኩል ጋዝ ካሳለፈ መብላላቱ ሳያልቅ ዝም ትላለች፤ አየሩ ከሞቀ ደግሞ ያለቀለት ቢራ ላይ ትንቦቀቦቃለች። የሚታመነው ሃይድሮሜትር ነው። ይህ የመስታወት መለኪያ ስኳር በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ስኳሩ ወደ አልኮል ሲለወጥ ይሰምጣል። ንጹሕ ውሃ 1.000 ነው። ፔል ኤል ሲጀምር 1.050 ቢነበብ፣ ሲያልቅ 1.012 ቢነበብ፣ ልዩነቱ 0.038 በ131.25 ተባዝቶ 5 በመቶ ያህል አልኮል ይሰጣል። ንባቡ በሁለት ሦስት ቀን ልዩነት ተደግሞ ካልተለወጠ አብቅቷል። ሳያበቃ ከታሸገ እርሾው በጠርሙሱ ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል፤ ግፊቱ ጠርሙስ ያፈነዳል፣ ሰውም ያቆስላል።

ባለጠላዋ፦ አረፋውስ ከየት ይመጣል?

ባለቢራው፦ ከዚያው ከእርሾው፣ በልክ ሲመገብ። ለ19 ሊትር 120 ግራም ያህል ስኳር በጥቂት ውሃ ፈልቶ ይገባል፣ ቢራው አተላው ሳይናጥ ይቀዳበታል፣ በጠርሙስ ሆኖ ቆርኪ ይመታበታል። በ20 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ጠርሙሱ ቡናማ ቢሆን ይመረጣል፤ ብርሃን ሆፑን ሲያገኘው ስካንክ የሚባለውን ገማች እንስሳ ሽታ ያመጣል፣ ቡናማው ጠርሙስ ግን ይከላከላል። በሚቀዳበት ጊዜ እየተንቦራጨቀ አየር የገባበት ቢራ ደግሞ ከወር በኋላ የረጠበ ካርቶን ይሸታል።

ባለጠላዋ፦ አሁን ስለ መቅመሱ እንነጋገር። እንግዳ ሲቀምስ «ግሩም ነው» ይላል፤ ሌላ ምን ይበል?

ባለቢራው፦ ችግሩ እሱ ነው። እንግዳውን የያዘው ይሉኝታ ነው፤ ባለቤቱ ፊቱ ቆሞ እያየው ስለ ቢራው እውነቱን አይነግረውም። «ግሩም» የሚለው ቃል ለሚቀጥለው ጠመቃ የሚሰጠው እርዳታ የለም። «አልወደድኩትም» የሚለውም እንደዚያው ነው። ቢራን የሚመዝን ሰው ያሸተተውንና የቀመሰውን ነገር በስሙ ይጠራል፤ ስሙ ምክንያቱን ይጠቁማል፣ ምክንያቱ የሚስተካከለውን እርምጃ ይጠቁማል። በአሜሪካ በ1985 የተቋቋመው የቢራ ዳኞች የምስክር ወረቀት ፕሮግራም የሚጠቀምበት ቅጽ ይህንኑ የሚያስገድድ ነው። ከ50 ነጥብ ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ ለአፍ ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ግምት 10 ይሰጣል። ዳኛው የጠማቂውን ስም አያይም።

ባለጠላዋ፦ ለመልክ 3 ብቻ? የጠላ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው መጥለሉን ነው።

ባለቢራው፦ መልክ የሚቆጠረው ለዓይን ስለሚስብ ብቻ አይደለም፤ ድፍርስነት አንዳንድ ጊዜ የብክለት ምልክት ነው። ቢሆንም የተበላሸ ቢራ ወርቅ መስሎ ሊጠልል ይችላል፤ ስለዚህ ክብደቱ ለአፍንጫና ለምላስ ተሰጠ። ቅደም ተከተሉም በምክንያት ነው። ሽታ ገና እንደተቀዳ ይመዘናል፤ ቶሎ የሚተኑት ሽታዎች በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስለሚጠፉ። መልክ ቀጥሎ፣ ጣዕም ከዚያ። ቢራው በጣም ከቀዘቀዘ እክሉ ይደበቃል፤ ስለዚህ ከ7 እስከ 12 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀዳል። ቀማሹ ሽቶ አይቀባም፣ በርበሬ ያለው ነገር በልቶ አይመጣም፤ በመሃል ዳቦና ውሃ ይወስዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሁለት ዳኞች ሳይነጋገሩ መጀመሪያ መጻፋቸው ነው። አንዱ «ሙዝ ሙዝ ይላል» ካለ ሌላው ሙዝ ማግኘቱ አይቀርም። ይህን ብርጭቆ ያሽትቱት።

ባለጠላዋ፦ ቅቤ ይሸታል። የተነጠረ አይደለም፤ ለጋ ቅቤ ነው፣ ቅቤ የፈሰሰበት ፈንዲሻም ይመስላል። አፍ ላይ ደግሞ ያንሸራትታል።

ባለቢራው፦ አላጡትም። ዳያሲታይል ይባላል። እርሾው ሲሠራ የሚያወጣው ነገር ወደዚህ ይለወጣል፤ ሁለት ሦስት ቀን ተጨማሪ ጊዜ ካገኘ እርሾው ራሱ መልሶ ይበላዋል። ይህ ቢራ ቸኩሎ የታሸገ ነው። ከመታሸጉ በፊት ማወቅ ይቻል ነበር። ከባልዲው ሁለት ብርጭቆ ይቀዳል፤ አንዱ ተከድኖ 60 ዲግሪ በሚሆን ሙቅ ውሃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ይቀመጥና ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ሁለቱ ይሸተታሉ። የሞቀው ብቻ ቅቤ ከሸተተ ገና ያልተገለጠ ዳያሲታይል አለ፤ ቢራው ባለበት ይቆያል። ሁለቱም ካልሸተቱ ይታሸጋል።

ባለጠላዋ፦ ይኼኛውስ? ጥሬ አፕል ይሸታል።

ባለቢራው፦ እሱ አሴታልዴሃይድ ነው፤ ያልበሰለ ቢራ ምልክት ነው፣ መድኃኒቱም ያው ጊዜ ነው። ሙዝ ብዙ ጊዜ ከሙቀት ይመጣል፤ በጀርመን የስንዴ ቢራ ግን ከቅርንፉድ ሽታ ጋር ሆኖ የሚፈለግ ነው። የተቀቀለ በቆሎ ሽታ ድስቱ ተከድኖ ከመፍላቱ ሊመጣ ይችላል። ኮምጣጤ ከሸተተ ብክለት ነው፤ ጊዜ ያብሰዋል እንጂ አያሽለውም፣ የሚፈተሸውም የባልዲው ቧንቧና ጭረት ነው።

ባለጠላዋ፦ እንግዲያው አንዱ ቢራ ላይ እክል የሆነው በሌላው ላይ ሙያ ነው ማለት ነው።

ባለቢራው፦ ለዚህ ነው የሚመዘነው ከተባለው ዓይነት አንጻር የሆነው። ለአሜሪካን ፔል ኤል የተጻፈው መስፈርት አልኮሉን ከ4.5 እስከ 6.2 በመቶ ያደርገዋል፣ የሆፑ መዓዛ ጎላ እንዲል ይጠብቃል። በደንብ የተሠራ ጥቁር ስታውት በፔል ኤል ስም ቢቀርብ ነጥቡ ዝቅ ይላል፤ ቢራው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን የተባለውን ባለመሆኑ። ከ38 እስከ 44 ያገኘ ቢራ እጅግ ጥሩ ነው፣ 45 እና ከዚያ በላይ ብርቅ ነው። ከ14 በታች የወረደው ከባድ እክል አለበት። ቁጥሩ ግን ከሥሩ ከተጻፈው አስተያየት ያነሰ ዋጋ አለው፤ 29 ብቻ ተብሎ የተመለሰለት ጠማቂ ምንም አልተማረም።

ባለጠላዋ፦ ጠላ በዚህ ቅጽ ቢመዘን ይወድቃል።

ባለቢራው፦ በፔል ኤል መስፈርት ይወድቃል፤ ጭሱም ኮምጣጣነቱም እንደ እክል ይጻፍበታል። ፕሮግራሙ በ2021 ባወጣው መመሪያ ታሪካዊ ቢራዎች በሚለው ክፍል የፊንላንዱ ሳህቲ የራሱ መስፈርት አለው፤ ጠላ የለውም። መጻፍ ያለበትም ጠላን በሚያውቅ ሰው ነው።

ባለጠላዋ፦ ከተጻፈ እንዲህ ይባል። ሽታው መጀመሪያ የወይራ ጭስ፣ ከሥሩ የተቆላ እህል፤ ጭሱ እህሉን ከሸፈነው ዕቃው ከልክ በላይ ታጥኗል። ምሬቱ የጌሾ ይሁን፣ ከተዋጠ በኋላ ይቆይ እንጂ ምላስ አያንቅ፤ ካነቀ የጌሾው እንጨት በዝቷል ወይም ሰንብቷል። መኮምጠጡ የሚያነቃ ይሁን፣ ጥርስ ከበላ ቀኑ አልፎበታል። ጉሹ በጉሽነቱ፣ የጠለለው በመጥለሉ ይታይ።

ባለቢራው፦ ይህ ሽታንም ምክንያትንም ስለሚናገር ሙሉ መስፈርት ነው።

ባለጠላዋ፦ ዳኛ በሌለበት ቤት፣ ጠማቂ ብቻውን ሥራውን እንዴት ያሻሽላል?

ባለቢራው፦ ያንኑ ኪት ደግሞ ይገዛል፣ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል። ለምሳሌ ውሃውም ሆፑም ያው ሆኖ መብላላቱ ከ24 ወደ 19 ዲግሪ ይወርዳል። ሁለት ነገር አብሮ ከተለወጠ የቱ እንደሠራ አይታወቅም። የእያንዳንዱ ጠመቃ ሙቀት፣ ንባብና ቀን በደብተር ይሰፍራል፤ የአንዱ ጥቂት ጠርሙስ ለማነጻጸሪያ ይቀመጣል፤ ሲነጻጸሩም የመጀመሪያው መሰንበቱ ከግምት ይገባል። ሁለቱ የሚነጻጸሩት በሦስት ብርጭቆ ነው፤ ሁለቱ ብርጭቆዎች አንድ ቢራ፣ ሦስተኛው ሌላው ይሆናል፣ የትኛው ምን እንደሆነ የቀዳው ሰው ብቻ ያውቃል። ቀማሹ የሚጠየቀው የትኛው ይጣፍጣል ተብሎ ሳይሆን የተለየው የቱ ነው ተብሎ ነው፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ መግቢያ የለውም። በግምት ብቻ ከሦስት ሰው አንዱ ስለሚያገኘው ከ12 ቀማሾች ቢያንስ 8ቱ ትክክለኛውን ሲለዩ ነው ለውጡ በቢራው ላይ ታይቷል ለማለት የሚያስደፍረው። ከዚያ ካነሰ የተለወጠው ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ሌላው ይሞከራል።